የጀልባ ተሳቢ ኩሽኔታ፦ የቀኝ ጎማው ያጉረመርማል፣ ሞዞው ይፋጃል

የፖቶማክ ልጅ (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ 16 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ ከነተሳቢው ገዝቻለሁ። ተሳቢው ባለ አንድ አክስል ነው፣ ፍሬን የለውም። ቅዳሜ ከሳንዲ ፖይንት (ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለው ፓርክ) ስንመለስ ሩት 50 ላይ ከኋላ የማጉረምረም ድምፅ መሰማት ጀመረ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ነዳጅ ማደያ ቆሜ ሁለቱንም ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን የመሐል ብረት) በእጄ ሞከርኩ። የግራው ለብ ያለ ነው፣ የቀኙ ግን እጅ አያስቀምጥም።

እዚያው ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቄ፣ በዝግታ ቤት አደረስኩት። ዛሬ በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ይወዛወዛል። ክዳኑን ስከፍተው ግራሶው ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህን ሥራ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? ኩሽኔታውን (ሞዞው ውስጥ ሆኖ የሚያሽከረክረውን ባለ ሮለር ዕቃ) ብቻ ልቀይር ወይስ ሞዞውን እንዳለ? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ሌሲልቫኒያ (ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ፓርክ) ይዣቸው እንደምወጣ ቃል ገብቻለሁ።

ዓሣ ወዳድ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ አትጨነቅ። ስፕሪንግ ያለው የሞዞ ክዳን ይሸጣል። እሱን ግጠምና በግራሶ ፓምፕ አዲስ ግራሶ ሙላበት። አሮጌው እየተገፋ ይወጣል፣ ድምፁም ይቀንሳል። እኔ ከዓመት ዓመት የምጠቀመው እሱን ነው።

ባለ ጋራዡ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ዓሣ ወዳድ፣ ክዳኑ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለዚህ አይሆንም። የስፕሪንጉ ሥራ ግራሶውን በትንሽ ግፊት መያዝ ነው፣ 3 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) አካባቢ። ዓላማው ሞዞው ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው እንዳይገፋው ነው። የተበላ ሮለር ግን አያድንም። ድምፅ ያወጣ፣ የተወዛወዘና እጅ ያቃጠለ ኩሽኔታ አልቆለታል። አዲስ ግራሶ ብትሞላበት ድምፁን ለጥቂት ማይል ያፍነዋል፣ ከዚያ ሃይዌይ ላይ ጎማው ከነሞዞው ተነቅሎ ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣውን ቤተሰብ አስቡት።

የፖቶማክ ልጅ፣ ሥራውን ራስህ ትሠራዋለህ። ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ተሳቢውን ወደ የትም አትጎትት። ከመኪናህ ጋር እንደተያያዘ ይሁን፣ የመኪናውን የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በሌላው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አድርግ። የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እያለ ላላ አድርጋቸው፣ ከዚያ አንሳው። ክሪክ ላይ ብቻ ተማምነህ ደግሞ እጅህን አታስገባ፣ መደገፊያ ብረት ከፍሬሙ ሥር አቁም። አክስልህ ውስጡ ላስቲክ ያለው የቶርሽን ዓይነት ከሆነ ክሪኩን በአክስሉ ቱቦ ላይ አታሳርፍ፣ ይጎዳል። በፍሬሙ አንሳ።

አሁን ዋናው ነገር። ሳትከፍት ዕቃ አትዘዝ። ክዳኑን አውጣ፣ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ጫፉ የታጠፈ ፒን) አቅንተህ ንቀል፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ ፍታ፣ ሞዞውን ወደ ራስህ ሳበው። የፊተኛው ኩሽኔታ እጅህ ላይ ይወድቃል። የኋለኛው በፓራኦሊዮው (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውኃ እንዳይገባ በሚከለክለው ባለ ከንፈር ላስቲክ) ተይዞ ሞዞው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም ጥረግና ቁጥራቸውን አንብብ። ቁጥሩ ቀለበቱ ላይ ተቀርጿል።

ይህን የምልህ በምክንያት ነው። 3,500 ፓውንድ የሚሸከሙ አክስሎች ብዙ ጊዜ ፊት ኤል 44649፣ ኋላ ኤል 68149 ናቸው። ያንተ ትንሽ ተሳቢ ስለሆነ ፊትና ኋላው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤል 44643 እና ኤል 44649 ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንታ ናቸው። ሞዞው ውስጥ የሚገባው፣ ሮለሮቹ የሚዞሩበት የውጭ ቀለበታቸው እንኳን አንድ ነው፣ ኤል 44610። የውስጥ ቀዳዳቸው ግን ይለያያል፤ የመጀመሪያው 25.4 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 27 ሚሊሜትር ግድም። ትልቁን ትንሹ አክስል ላይ ብትገጥመው ይገባል፣ ግን እየተጫወተ አክስሉን ይበላዋል። ቁጥሩ ከጠፋ የአክስሉን ጫፍ በካሊፐር ለካ።

የሶማሌ ተራው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ጀልባ ጎትቼ አላውቅም። ግን ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ በአይሱዙም በፒክአፕም ባንተ ተሳቢም ሥራው አንድ ነው። ሄንሪ ቲምከን የሚባል አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነገር ነው። ሠረገላ ሲታጠፍ ጎማው ወደ ጎን ይገፋል፣ የሾጣጣው ጥቅም ያ ነው። ከላይ የሚጫነውንም ከጎን የሚገፋውንም አብሮ ይሸከማል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። የውስጡን ከነሮለሩ ቀይረህ የውጭውን ቀለበት አሮጌውን አትተው። ብዙ ልጆች ቀለበቱ ሞዞው ውስጥ ተጣብቆ ሲያስቸግራቸው "ደህና ነው" ብለው ይተዉታል። ሁለቱ አብረው የኖሩ ናቸው። አሮጌው ቀለበት ላይ ያለው ጉድጓድ አዲሱን ሮለር በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ስለዚህ አራቱም ይቀየሩ፣ ፓራኦሊዮውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ።

ቀለበቱን ለማውጣት ሞዞውን ገልብጠው። ውስጡ ላይ ሁለት ቦታ ጎድጎድ ያለ አለ፣ የቀለበቱ ጠርዝ እዚያ ላይ ይታይሃል። የነሐስ ዘንግ አስገባና አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያልክ ምታ። ብረት በብረት ከመታህ ሞዞውን ትፍቀዋለህ። አንድ ጎኑን ብቻ ከመታኸው ደግሞ ይጣመምና ይነክሳል።

አዲሱን ስታስገባ ሰፊው አፉ ወደ ውጭ ይሁን። አሮጌውን ቀለበት ዙሪያውን ትንሽ ሞርደህ ማስገቢያ አድርገው፣ ከላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእኩል ምታ። ጆሮህን ስጠው። እስኪደርስ ድረስ ድምፁ ባዶ ነው። መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይጠጥራል፣ መዶሻውም እጅህ ላይ ይነጥራል። ያን ጊዜ ተው።

የፖቶማክ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ጋራዡም አመሰግናለሁ። ከሥራ መልስ ፈታሁት። የፊቱም የኋላውም ኤል 44649 ነው። የፊተኛው ጠቁሮ ትንሽ ዝገት ይዟል። የኋለኛው ግን ሮለሮቹ ላይ እንደ ፈንጣጣ ያለ ጉድጓድ አለ፣ አንዳንዶቹ ወደ ሰማያዊ ዞረዋል። የፓራኦሊዮው ከንፈር ተቀዷል።

ሌላም ነገር አየሁ። ፓራኦሊዮው በሚያርፍበት ቦታ አክስሉ ላይ ዙሪያውን የተቆፈረ መስመር አለ። ጥፍሬ ይይዘዋል። ይህ ምን ማለት ነው?

ባለ ጋራዡ

ያገኘኸው ምክንያቱን ነው። ሰማያዊው ቀለም ብረቱ ከመጠን በላይ መሞቁን ያሳያል። ጉድጓዱ ደግሞ ውኃና ዝገት የጀመሩት ነው። መስመሩ ላይ አዲስ ፓራኦሊዮ ብታስቀምጥ ከንፈሩ ጎድጓዳው ላይ ይወድቅና ውኃ ያሳልፋል። ያኔ ከዓመት በፊት ተመልሰህ እዚሁ ነህ።

ሁለት ነገር መርምር። አንደኛ፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ። አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ ሳትቀባ ስካው። በእጅ ገፋ ሲደረግ መግባት አለበት፣ ግን መወዛወዝ የለበትም። ከተወዛወዘ አሮጌው አክስሉ ላይ እየተሽከረከረ በልቶታል ማለት ነው፣ ያ አክስል ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ሞዞው ውስጥ አዲሱ ቀለበት ያለ መዶሻ በእጅህ ከገባ ሞዞው ሰፍቷል፣ ሞዞው ይቀየራል። ሁለቱም ደህና ከሆኑና መስመሩ ብቻ ከቀረህ፣ እላዩ ላይ የሚሰካ ስስ የብረት እጀታ ይሸጣል። ኤስኬኤፍ ስፒዲ ስሊቭ ይሉታል። ቦታውን በካሊፐር ለክተህ ልኩን እዘዝ።

ሚኔሶታዊት (ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ)

እኔ ስለ ውኃው ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ሐይቅ በሐይቅ ስለሆንን ይህን ነገር በየዓመቱ እናየዋለን። የጀልባ ተሳቢ ኩሽኔታን የሚገድለው ጭነት አይደለም። ሃይዌይ ላይ ስትነዳ ሞዞው ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ደርሰህ ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ስታስገባው አየሩ በድንገት ይኮማተራል። ያኔ ሞዞው ውኃውን በደከመው ፓራኦሊዮ በኩል ይስባል። ጨው ካለው ደግሞ የባሰ ነው፣ ሳንዲ ፖይንት ጨው ቀመስ ነው አይደል?

ስለዚህ ጀልባ ማውረጃው ጋ ስትደርስ አትቸኩል። ዕቃ ጫን፣ ማሰሪያውን ፍታ፣ የልጆቹን ላይፍ ጃኬት አልብስ። ሞዞውን ንካው፣ እጅህ ላይ ሙቀት ካልተሰማህ ያኔ አስገባ። ባለቤቴ ይህን ማድረግ ከጀመረ ወዲህ የኩሽኔታ ነገር አላስቸገረንም።

ሌላው ወቅቱ ነው። እዚህ ጀልባ ጥቅምት ላይ ይቀመጣል፣ ግንቦት ላይ ይወጣል። ውኃ የገባበት ግራሶ እነዚያን ወራት ሁሉ ሮለሩ ላይ ተኝቶ ያዝገዋል። ሰው ፀደይ ሲመጣ ግራሶ ይቀይራል፣ ግን የሚሻለው በመኸር ከመቀመጡ በፊት ነው። ንጹሕ ሆኖ ይክረም።

የባልቲኩ (ስቶክሆልም)

አውሮፓ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚህ ብዙዎቹ ፍሬን ያላቸው ተሳቢዎች አልኮ የሚባለው የአክስል ኩባንያ እንደሚሠራው ያለ ዝግ ኩሽኔታ ነው ያላቸው። አይከፈትም፣ ግራሶም አይጨመርበትም። ሲያልቅ በፕሬስ ይወጣል ወይም ከበሮው እንዳለ ይቀየራል። ዳዶውም የአንድ ጊዜ ነው፣ አልኮ ላይ በ290 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። እላይ የተጻፈውን አካሄድ እዚያ ላይ እንዳትሞክሩት። ያ ዳዶ በጣት ብቻ ጠበቅ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

ዓሣ ወዳድ

ባለ ጋራዡ የተናገረው ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ግራሶ ስሞላ ከኋላ ጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቶ አያለሁ። እንዲህ ሲሆን በዛ ማለት ነው?

ባለ ጋራዡ

አዎ። ያ ግራሶ በፓራኦሊዮው አልፎ የወጣ ነው። ስፕሪንግ ያለው ክዳን ላይ ፒስተኑ ወደ ውጭ መንቀሳቀስ ሲጀምር አቁም። ከዚያ በላይ ስትገፋ ከንፈሩ ይገለበጣል። ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ግራሶው የፍሬኑ ሸራ ላይ ይገባል። ያንተንም ፓራኦሊዮ ቀይረው፣ አንዴ ግራሶ ያሳለፈ ውኃም ያሳልፋል። ከዚያ ሌላ፣ ክዳኑ ግራሶ መሙያ ስላለው ብቻ መፍታት ቀረ ማለት አይደለም። የኋለኛውን ኩሽኔታ ሁኔታ ከውጭ ማየት አትችልም።

የፖቶማክ ልጅ

ቦታው ደህና ነው፣ አዲሱ ኩሽኔታ ሳይወዛወዝ ገባ። እጀታውን አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። ስለ ግራሶው ንገሩኝ። ቤት ውስጥ ለመኪና የገዛሁት ቱቦ አለ። እሱን ልጠቀም?

የሶማሌ ተራው

ቱቦው ላይ ምን እንደሚል አንብብ። ግራሶ ሁሉ አይስማማም። የሊቲየሙን ከፖሊዩሪያው ጋር ብትቀላቅለው አንዳንዴ ይቀጥንና ይፈስሳል። አዲስ ሥራ ስለሆነ አሮጌውን ጨርሰህ አጥበህ አንድ ዓይነት ብቻ ተጠቀም። ለውኃ የተሠራውን፣ ለጎማ ኩሽኔታ የሚል የተጻፈበትን፣ ቁጥር 2 የሚባለውን ውፍረት።

ሞዞውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በቤንዚን ግን አይሆንም፣ እሳት ነው። አዲሱን ኩሽኔታ በኮምፕረሰር አየር አታሽከርክር። ልጆች ድምፁ ደስ ስለሚላቸው ያደርጉታል። ሮለሩ ተፈናጥሮ ዓይን ያወጣል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። መዳፍህ ላይ እፍኝ ግራሶ አድርግ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ግራሶው ላይ እየገፋህ ወደ መዳፍህ ሳበው፣ እንጀራ በወጥ እንደሚጠቀለል። በሌላው ጎን በሮለሮቹ መሐል ብቅ እስኪል ድረስ ግፋ፣ ከዚያ አዙረህ ቀጥል። ዙሪያውን ሲያልቅ በውጭም ቀባው። ቀለበቶቹንም ቀባ፣ የፓራኦሊዮውን ከንፈርም። ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያው ማይል ይቃጠላል።

የፖቶማክ ልጅ

የማጥበቁ ነገር ነው የሚያስፈራኝ። አንድ ሰው "እስከሚችለው አጥብቅ" አለኝ፣ ሌላው "ልቅ ይሁን" አለኝ።

ባለ ጋራዡ

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከጠበቀ ሮለሩ ይቃጠላል። ከላላ ጎማው ይወዛወዝና ፓራኦሊዮውን ያበላሻል። ዴክስተር የሚባለው የአክስል ፋብሪካ የሚመክረው ይህን ነው፣ እኔም የምሠራው እንዲሁ ነው።

ሞዞውን በእጅህ እያሽከረከርክ ዳዶውን እስከ 50 ፉት ፓውንድ አጥብቅ። መሽከርከሩ ሮለሮቹን ቦታቸው ላይ ያስቀምጣል፣ ትርፍ ግራሶም ያስወጣል። ከዚያ ማሽከርከሩን አቁምና ዳዶውን ፍታው። አሁን ቁልፉን ጣለው፣ በጣትህ ብቻ እስኪነካ አጥብቅ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ጥርስ ጋር ካልገጠመ ወደ ኋላ እስከሚቀርበው ጥርስ መልስ፣ ወደ ፊት አታጥብቅ። አዲስ ኮፒሊያ አስገባና ጫፉን እጠፍ።

ሲያልቅ ዳዶው ኮፒሊያው ባይኖር በጣት የሚዞር መሆን አለበት። ሞዞውን ስትገፋና ስትስብ ለዓይን የማይታይ፣ ለእጅ ግን ትንሽ የሚሰማ ነገር ቢኖር ልክ ነው። በቁጥር ከሆነ ከ0.001 እስከ 0.010 ኢንች ነው የሚፈቀደው። ጎማው ሲሰካ ያ ትንሽ ነገር ጎላ ብሎ ይሰማሃል፣ አትደንግጥ።

የጎማ ዳዶውን ደግሞ በመስቀል ቅደም ተከተል በሦስት ዙር አጥብቅ፣ ልኩን ከተሳቢው መመሪያ አንብብ። ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ ቆመህ እንደገና ፈትሽ። አዲስ የታሰረ ጎማ ይላላል።

ሚኔሶታዊት

ስትጨርስ ወዲያው ጀልባ ጭነህ ሩቅ አትሂድ። ባዶ ተሳቢውን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጎትት፣ ቆመህ ንካው። ከሩቅ ሙቀት የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ግዛ። ግራና ቀኙን ሞዞ ማወዳደር ነው ቁም ነገሩ። ከአየሩ ትንሽ ሞቅ ያለ መሆኑ የተለመደ ነው። አንዱ ከሌላው ብዙ ከበለጠ ግን አንድ ነገር አለ።

የፖቶማክ ልጅ

ተጠናቀቀ። ዓርብ ማታ ባዶውን ፌርፋክስ ደርሼ ተመለስኩ። ግራና ቀኙ እኩል ለብ ያሉ ናቸው። ያ ማጉረምረም የለም፣ የጎማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሌሲልቫኒያ ወጣን። ወደ ውኃው ከማስገባቴ በፊት ሞዞው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ ትልቋ ልጄ ነች እጇን አስቀምጣ "አሁን ይበቃል" ያለችኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የግራው ድምፅ የለውም፣ አይወዛወዝም። ልክፈተው? ከዚህ በኋላስ በምን ያህል ጊዜ ነው የሚታየው?

ባለ ጋራዡ

ክፈተው። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ውኃ ውስጥ ነው የገቡት፣ ያገለገለ ስለገዛኸው ደግሞ ማን መቼ እንደነካው የሚታወቅ ነገር የለም። ግራሶው ንጹሕ፣ ሮለሩ እንደ መስታወት ከሆነ አጥበህ እንደገና ቀብተህ፣ ፓራኦሊዮውን ብቻ ቀይረህ መልሰው። ነጥብ እንኳን ካየህ አትማረው።

ዴክስተር በ12 ወር ወይም በ12,000 ማይል፣ ቀድሞ በመጣው ይላል። ጀልባ ጎታች ማይሉን አይሞላም፣ ስለዚህ ወሩን ያዝ። አንተ ጨው ቀመስ ውኃ ውስጥ ስለምታስገባው በየዓመቱ መክፈት ግዴታህ ነው፣ ስትወጣም ሞዞውን በንጹሕ ውኃ እጠበው።

የፖቶማክ ልጅ

እሺ፣ በዚህ ሳምንት የግራውን እከፍታለሁ። ወደ ሰሎሞንስ (ሜሪላንድ) ረጅም መንገድ ልንወጣ ስላሰብን፣ መንገድ ላይ ቢያጋጥመኝ ምን ይዤ ልሂድ?

ባለ ጋራዡ

ቀለበቶቹ የገቡበት፣ ኩሽኔታዎቹ የተቀቡበት፣ ፓራኦሊዮው የተገጠመበት አንድ ሙሉ ሞዞ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ። ኩሽኔታ ብቻ ይዘህ ብትሄድ መንገድ ዳር ቀለበት ማውጣት አትችልም። ሙሉው ካለህ ግን አሮጌውን ስበህ አዲሱን ትሰካለህ። ሁለት ኮፒሊያ፣ የዳዶው ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ክሪኩ የሚቆምበት ጠፍጣፋ እንጨት፣ የእጅ ባትሪና ብዙ ጨርቅ ጨምርበት። የመኪናህ ክሪክ ለተሳቢው ቁመት ሊበዛ ይችላል፣ ከመውጣትህ በፊት ጎማውን አስተንፍሰህ ከሥሩ መግባቱን ግቢህ ውስጥ ሞክረው። መለዋወጫ ጎማውም ቀዳዳው ከሞዞው ብሎኖች ጋር መግጠሙን አይተህ ውጣ።

የሶማሌ ተራው

የዳዶውን ቁልፍ ከመኪናው ዕቃ ጋር አትቀላቅለው። ከሞዞው ጋር አንድ ላይ እሰረው።